የንብ ጉልበት፦ ጂን፣ የዘጌ ሎሚና ማር

ቢዝ ኒዝ የሚባለው ኮክቴል ቤት ውስጥ ሲሠራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ማሩ ከጂኑና ከሎሚው ጋር አይዋሐድም። በረዶ የነካው ማር እንደ ሙጫ ይጠጥርና ከዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብርጭቆው ውስጥ የሚወርደው ጂንና ሎሚ ብቻ ይሆናል፤ የቀመሰው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ሠሪው «ማር አንሷል» ብሎ ሌላ ማንኪያ ሲጨምር ያም ታች ሄዶ ይቀራል። መፍትሔውን ጣና ዳር ላደገ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ስሙ ብርዝ ነው። ማሩ አስቀድሞ በለብ ያለ ውሃ ይበረዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው ከጂኑ ጋር የሚገናኘው። የውጭ ባርማኖች የማር ሽሮፕ የሚሉት ነገር ከበዓል ብርዛችን የሚለየው በውፍረቱ ነው።

የመጠጡ ስም ቃል በቃል ሲፈታ «የንብ ጉልበቶች» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካኖች አንድን ነገር ከሁሉ አብልጠው ሲወዱት «የንብ ጉልበት ነው» ይሉ ነበር። የእነሱ ጉልበት የእግር መታጠፊያው ነው፤ በአማርኛ ግን ጉልበት ኃይልም ስለሆነ ስሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይበልጥ ያምርበታል፤ የዚህ መጠጥ ኃይልም ያለው ንቧ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ የአልኮል ምርትና ሽያጭ በሕግ ታግዶ ነበር፤ በድብቅ የሚወጣውን ሻካራ ጂን ጉሮሮ እንዲያሳልፈው ማርና ሎሚ ይረዱ እንደነበር ይነገራል። ፈጠራውን ብዙዎች በፓሪሱ ሪትዝ ሆቴል ባር ይሠራ ለነበረው ለፍራንክ ማየር ይሰጡታል። ዛሬ ጂኑ ደህና ስለሆነ ማሩ ጂኑን መደበቅ የለበትም፤ ሁለቱም በየራሳቸው መሰማት አለባቸው።

መጠኑ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 22 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ (በትንሹ የዘጌ ሎሚ ከሆነ ከ15 እስከ 20)፣ 22 ሚሊ ሊትር ወፍራም ብርዝ ነው። በሾርባ ማንኪያ አራት፣ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል ማለት ነው። የየቤቱ ማንኪያ ይለያያል፤ ሦስቱም በአንድ ማንኪያ እስከተለኩ ድረስ ግን ሚዛኑ አይዛባም። የአረቄ መለኪያ ለዚህ ሥራ አያስተማምንም፤ ከቤት ቤት የሚይዘው መጠን አንድ አይደለምና። ከፋርማሲ የሚገዛ፣ መርፌ የሌለው የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግን ከውድ መለኪያ በላይ ትክክለኛ ነው፤ በተለይ ለሎሚው።

ማሩ

መምረጡ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በአደይ አበባና በኑግ ቢጫ ከለበሰ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ፈካ ያለና ለስላሳ ነው፤ የጂኑን ሽታ አይጫነውም። የግራዋና የብሳና ማር ጠቆር፣ መረር ይላል። ለጠጅ የሚወደድበት ሰው አለ፤ እዚህ ግን ከሎሚው ልጣጭ ምሬት ጋር ሲደመር መጠጡን ያከብደዋል። እጃችሁ ላይ ያለው ይኸው ከሆነ ልጣጩን ተዉትና ጭማቂውን ብቻ ተጠቀሙ።

ከሁሉ የሚከፋው የጭስ ሽታ ነው። ከባህላዊ ቀፎ ማር ሲቆረጥ ንቡን ለማባረር ጭስ ይበዛበታል፤ ሰፈፉም ጭሱን ይዞ ይቀራል። በጠጅ ውስጥ ከጌሾው ጋር ስለሚስማማ ማንም አያማርርበትም። ጂን ውስጥ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ የጂኑን ጥድና ድንብላል ውጦ የከሰል ጣዕም ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱ። ከዘመናዊ ቀፎ በማጣሪያ ማሽን የወጣ ማር ከተገኘ እሱ ይሻላል። ከነሰፈፉ የተገዛ ማር ለብ ባለ ቦታ አቆይቶ በጥሩ ወንፊት ማጥለል ግድ ነው፤ የሰም ቅንጣት በበረዶ ሲመታ ጠጥሮ ብርጭቆው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይንሳፈፋል።

የረጋ ማር የተበላሸ ወይም ስኳር የተቀላቀለበት ነው የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ አንዳንዱ አበባ የሚሰጠው ማር እንዲያውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይረጋል። ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሞ መጠበቅ ነው እንጂ ምድጃ ላይ መጣድ አይገባም።

አበራረዙ እንዲህ ነው፦ 70 ግራም ማር (50 ሚሊ ሊትር የሚሆን) በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሚዛን ከሌለ በአንድ ዓይነት ማንኪያ እኩል ለእኩል ለኩ፤ ማሩ እንዳይለጠፍ ማንኪያውን መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይህ መጠን ለአራት ብርጭቆ ይበቃል። ውሃው መፍላት አለበት፣ ሲፈላ ግን ማሩ ላይ መፍሰስ የለበትም፤ የማሩ የአበባ ሽታ በእንፋሎት ይሄዳል፣ ለጂን የሚጠቅመው ደግሞ ያው ሽታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላውን ውሃ፣ ቀድሞ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ብትቀላቅሉት ወደ 60 ዲግሪ ይወርዳል፤ ማሩ ሲገባበት ደግሞ የበለጠ ይበርዳል። ማሩ ሟሙቶ ታች ምንም እስከማይቀር ድረስ በማንኪያ አማስሉት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ትኩስ ብርዝ በረዶውን አቅልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል።

ሳምንት ከቆየ አሽትቱት። ማር ውሃ ካገኘ በውስጡ ያለው እርሾ ሥራ ይጀምራል፤ አረፋ ከያዘ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ካፏጨ ጠጅ ወደ መሆን እየሄደ ነውና ለዚህ መጠጥ አይሆንም። በጠበቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ደጅ ላይ ከተረሳ ሊፈነዳም ይችላል። ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት የፈለገ ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ውሃ ይበርዝ፤ ያኔ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከምትሞላ በላይ አያስፈልግም። ገበያ ላይ የሚሸጠው ብርዝ ቀጭን ስለሆነና ብዙ ጊዜ መፍላት ስለጀመረ አይተካውም።

ሎሚው

የውጭ መመሪያዎችን አንብበው የሚሠሩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ሎሚ የሚለው ትልቁን፣ ሞላላውን፣ ወፍራም ልጣጭ ያለውን ቢጫ ሎሚ ነው። ከዘጌ የሚመጣውና ቅዳሜ ገበያ በመደብ የሚሸጠው ድቡልቡል ትንሽ ሎሚ ግን እነሱ «ላይም» (lime) የሚሉት ወገን ነው። ኮምጣጣነቱ የሰላ፣ የልጣጩ ዘይትም ኃይለኛ ነው። ከአንዱ ትልቅ ቢጫ ሎሚ እስከ 45 ሚሊ ሊትር ሲወጣ፣ ከአንዱ ትንሽ ሎሚ የሚገኘው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው። «ግማሽ ሎሚ» የሚል መመሪያ ስለዚህ ለእኛ ትርጉም የለውም፤ በሚሊ ሊትር ነው መለካት ያለበት።

በትንሹ ሎሚ ስትሠሩ በ15 ሚሊ ሊትር ጀምሩ፣ ቀምሳችሁ እስከ 20 አድርሱት። የሚገኘው መጠጥ ፓሪስ ከሚቀዳው ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ሹል ይላል፣ አረንጓዴ ሽታ ይኖረዋል። ለእኔ ከጣና ዙሪያ ማር ጋር የሚሄደው ይኸኛው ነው፤ ቢጫውን ሎሚ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ትርንጎ ግን አይሆንም፤ ልጣጩ ሽታው ግሩም ቢሆንም ውስጡ ነጭ ሥጋ እንጂ ጭማቂ አይደለም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ጫን ብላችሁ አንከባልሉት። በመጭመቂያ ስትጨምቁ እስኪደርቅ አትጭመቁት፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከነጩ የውስጥ ልጣጭና ከፍሬው የሚመጣ ምሬት ነው። ብዙ ሰው ጂኑ መራራ ነው የሚለው ያን ምሬት ቀምሶ ነው። ጭማቂው በዕለቱ ይጨመቅ፤ አድሮ ጣዕሙ ይሞታል። በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ የማቆያ ኬሚካሉ ጣዕም ስላለው ማሩን ይገድለዋል።

ጂንና በረዶ

ጂኑ ደረቅ ጂን ይሁን፤ አገር ውስጥ የተሠራም ይሆናል። የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ አካባቢ ያለው ለጀማሪ ይመቻል። ጂንን ጂን የሚያደርገው የጥድ ፍሬ ነው፤ አብዛኛው ድንብላልም አለበት። ታዲያ አንዳንዶች ከቤተ ክርስቲያን አጸድ የጥድ ፍሬ ለቅሞ ቮድካ ውስጥ መዘፍዘፍን ያስባሉ። አታድርጉት፤ የእኛ አገር ጥድ ለጂን ከሚውለው ጥድ የተለየ ዝርያ ነው። አረቄም ምትክ አይሆንም፤ የጌሾው ጣዕም የራሱ ነው፣ ጥንካሬውም ከአውጪ አውጪ ስለሚለያይ መጠኑን ማስላት አይቻልም።

በረዶው ከፈላ ውሃ ይሠራ፣ ፍሪዘር ውስጥም ተከድኖ ይቀመጥ። ያልተከደነ በረዶ ከሥጋውና ከቅቤው ሽታ ይስባል፤ ማሩ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በረዶ ከፍሪዘር እንደወጣ ያልበዋል። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ከሆነ ደግሞ በከፊል ቀልጦ ነው እንደገና የረጋው። እንዲህ ያለ በረዶ ሲገጥም የቀለጠውን ውሃ አፍስሳችሁ ነው የምትጠቀሙት። ተለቅ ተለቅ ያለ ቁራጭ ከደቃቁ ይሻላል።

ሼከር (ኮክቴል መምቻ ዕቃ) የሌለው ሰው ሰፊ አፍና ጠበቅ ያለ ክዳን ያለው የብረት ኮዳ ይጠቀም። ስስ የብርጭቆ ጠርሙስ በረዶ ሲመታው ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይመከርም። መጀመሪያ ያለ በረዶ ብርዙን፣ ሎሚውንና ጂኑን ጨምራችሁ አማስሉና ቅመሱ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽም ኃይለኛ መሆን አለበት፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛል፣ በረዶውም ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምራል። አሁን ልክ ከመሰላችሁ ሲቀዘቅዝ ይኮመጥጣል። ማስተካከያው በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ ነው፤ ከኮመጠጠ ብርዝ፣ ከጣፈጠ ሎሚ። ከሁለቱም የጎደለ ከመሰለና ውሃ ውሃ ካለ በረዶው ነው ጥፋተኛው።

ከዚያ ኮዳውን ሁለት ሦስተኛ በረዶ ሙሉና በፎጣ ይዛችሁ ለ12 ሰከንድ ያህል እየነቀነቃችሁ አጥብቃችሁ ምቱት። በፎጣው በኩል ቅዝቃዜው እጅ ሲቆረጥም በቅቶታል፤ ከ15 ሰከንድ በላይ መምታት የሚጨምረው ነገር የለም። በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሥር ደቂቃ የቆየ አነስተኛ የወይን ብርጭቆ ውስጥ ቅዱት። ቀለሙ ደመናማ ወርቅ ይሆናል፤ ደመናው ከሎሚው ነው። ብርሌ ያምራል፣ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይደርስበትም፤ የዚህ መጠጥ ግማሹ ደስታ ደግሞ ሽታው ነው። ከላይ ነጩ የተገፈፈለት ስስ የሎሚ ልጣጭ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ዘይቱን ፊቱ ላይ ርጩበት።

ጣፋጭነቱ አያታላችሁ። ተመትቶ የሚቀርበው 130 ሚሊ ሊትር ገደማ መጠጥ 18 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው፤ ከጠጅ ይበረታል። እንደ ጠጅ በላይ በላዩ የሚቀዳ አይደለም፤ አንዷን ብርጭቆ ከተጠበሰ የጣና ዓሣ ጋር ቀስ እያሉ መጠጣት ነው።

ሚዛኑ እጃችሁ ከገባ በኋላ ጦስኝ ሞክሩ። ለ100 ሚሊ ሊትር ብርዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ፣ ውሃው ገና ሙቅ ሳለ ለ15 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይጠለላል። ከዚህ በላይ ከቆየ ሳል መድኃኒት ሳል መድኃኒት ይላል። ጤና አዳም በጎጃም ቡና ላይ የሚወደድ ቢሆንም እዚህ አይግባ፤ ጂኑን ጨርሶ ይሸፍነዋል። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ያንኑ ብርዝና ሎሚ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ቅዱለት።

ለስምንት እንግዳ አንድ በአንድ መምታት አድካሚ ነው። 480 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 180 ሚሊ ሊትር ብርዝና ከበረዶው ይመጣ የነበረውን የሚተካ 200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከዋዜማው ቀላቅላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። ሎሚውን፣ ትንሹ ከሆነ ከ120 እስከ 160፣ ቢጫው ከሆነ 180 ሚሊ ሊትር፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ጨምቃችሁ ጨምሩበት። ጠርሙሱን ከመቅዳት በፊት አንዴ ገልብጡት፤ የሎሚው ዝቃጭ ታች ይተኛል።