የዛሬን ቁራጭ ለዛሬ

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ የመጣው ሁሉ ይሠራል። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ወረቀት ለጉድ ነው። ጠሞ የወጣ ኮፒ አለ። ማሽኑ ቀለም ሲጨርስ ፈዞ የወጣ አለ። ደንበኛው «እኔ ያልኩሽ እኮ ሁለት ነው» ብሎ ትቶት የሄደ ሦስተኛ ቅጂ አለ። ድሮ ይህ ሁሉ የእሳት ማቀጣጠያ ነበር። አሁን በየቀኑ አንድ ገጽ ሥዕል እሠራበታለሁ።

ሥዕል ስል ትልቅ ነገር አትጠብቁ። የተለጠፈ፣ የተቀባ ወይም የተሰፋ ገጽ ነው። አንዳንዴ ሦስቱም አንድ ላይ ይሆናሉ። ከሥሩ ቀኑና አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። በቃ።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ቁርጥራጭ አጠራቅም» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ካርቶን በከረሜላ ልጣጭ፣ በሳሙና ወረቀት፣ በክብሪት ቀፎና በጨርቅ ሞልቶ ነበር። ማታ ስቀመጥ የትኛውን ላንሳ እያልኩ ጊዜው ያልቃል። «ይሄማ ያሳዝናል፣ ለተሻለ ቀን ይቆይ» የሚባል በሽታም አለ። የተሻለው ቀን አይመጣም። እማዬ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ አይጥ ልታረቢ ነው እንዴ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አይጡ ከእኔ በፊት ገብቶበታል።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ዛሬ እጄ የገባ ቁራጭ ዛሬ ይሠራበታል። ማታ የተረፈው ምድጃ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ የለም። ያለው ያለው ነው። ከሱቄ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ይህ ገና አልገባውም። «ዛሬስ ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትፈልጊ?» ይለኛል። «ጋሼ፣ መሬት የወደቀውን» እለዋለሁ። አንድ ቀን የጥለት ጫፍ ይሰጠኛል። አንድ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያው ዩኒፎርም የሆነበትም ጊዜ አለ። መስከረም ሲጠባ ማለት ነው።

የሕጉን ጥቅም ያየሁት ቆይቶ፣ የሠራኋቸውን ገጾች ስገልጥ ነው። ምንም ሳልጽፍ ወሩ ይታወቃል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ መጥሪያ ካርድ ጠርዝ ይበዛል፤ ወርቃማው ገጹን ሁሉ ይወርሰዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙበት ሰሞን ገጾቹ በተበላሸ ሽፋንና በማውጫ የተሞሉ ናቸው። ክረምቱ ሲቃረብ ከማዳበሪያ ከረጢት የተፈታ ነጭ ክር ይመጣል። ቡሬ ለለቅሶ የሄድኩ ቀን የመኪና ትኬትና የጫማዬ ቀይ ጭቃ ብቻ ነው ያለው። ያ ገጽ እስካሁን ከምወዳቸው አንዱ ነው።

ጊዜውንም ገድቤዋለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ነው። ሲኒው ሲታጠብ እኔም ብሩሹን አጥባለሁ። ቀን ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሱቅ ውስጥ እጀምራለሁ። መብራት የሌለው ፎቶ ኮፒ ቤት ምን ሥራ አለው?

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነውና።

የኮፒ ወረቀት ለካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ስስ ነገር ነው። ውኃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ኮላ ሲበዛበት ይሸበሸባል። በዚያ ላይ የሰው ወረቀት ነው። የልደት ካርድ አለ፣ መታወቂያ አለ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ አለ። የሰው ስምና ፎቶ እኔ ደብተር ላይ ምን ይሠራል? ፎቶ፣ ፊርማና ቁጥር ያለበትን ሁሉ እዚያው ቀድጄ አቃጥላለሁ። የቀረውን ሁለት ሁለቱን እርስ በርስ አጣብቃለሁ፤ የተጻፈበት ፊት ወደ ውስጥ፣ ባዶው ወደ ውጭ። በአንድ ሥራ ሁለቱም ችግር ይቃለላል። ወረቀቱ ይወፍራል፣ ጽሑፉም ይደበቃል። በሁለቱም ፊት የታተመበት ግን ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ተቀዶ ለመለጠፊያ ይሄዳል።

ማጣበቂያው የስንዴ ዱቄት ነው። አንድ እጅ ዱቄት፣ አምስት እጅ ውኃ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ እየተማሰለ በለስላሳ እሳት እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን ይበስላል። ዱቄቱ በደንብ የተነፋ ይሁን። በጤፍም ሞክሬዋለሁ፤ ወረቀቱን ያጠቁረዋል፣ ይሻክራል። የጎጃም ጤፍ ለእንጀራው ይሁንልን። ይህ ማጣበቂያ በክረምት ቶሎ ይሻግታል፣ ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ነው የምሠራ። ለጨርቅና ለካርቶን ነጩን ኮላ እጠቀማለሁ። ማስቲሽ ግን አይሆንም። ወረቀቱን ዘልቆ በጀርባ በኩል ቢጫ እድፍ ያወጣል፣ ሽታውም ራስ ያዞራል።

የተጣበቀው ወረቀት በክብደት ሥር መድረቅ አለበት። ክብደት እኛ ቤት ሞልቷል። 500 ወረቀት የሚይዝ አንድ የኤ4 ደስታ ወደ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። አራት ስጭንበት 10 ኪሎ ይሆናል። አዳሩን ቀጥ ብሎ ይደርቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ወረቀት አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ስትቀዱት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በሌላው በኩል ይንሻፈፋል። ሁለቱን ስታጣብቁ አቅጣጫቸው አንድ ካልሆነ የፈለገውን ያህል ብትጭኑት ይጣመማል።

ጥረዛውን በእኛው ወር አስላሁት። ድርቡን ወረቀት በቢላ ጀርባ መስመር አስምሬ ለሁለት አጥፋለሁ። አራቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ ሳስገባ ስምንት ቅጠል ይሆናል፤ 16 ገጽ ማለት ነው። ሁለት እንዲህ ያለ ጥራዝ 32 ገጽ ይወጣዋል። ወሩ 30 ቀን ነው። የቀሩት ሁለቱ ለፊትና ለኋላ ይሆናሉ። ለጳጉሜን ደግሞ ከሁለት ወረቀት ባለ ስምንት ገጽ ቀጭን ደብተር ይበቃል፤ አምስትም ሆነች ስድስት ትችለዋለች። በፈረንጅ ቀመር የተሠራ ማስታወሻ ደብተር ይህን ምቾት አይሰጥም።

ቀዳዳው በወስፌ ይበሳል። ክሩን በጧፍ ሰም አሸዋለሁ፤ እንዳይቋጠርና እንዳይሳሳ። ስፌቱ የብራና መጻሕፍታችን የሰንሰለት ስፌት ነው፤ መርፌው ሲመለስ በቀደመው ስፌት ሥር አልፎ ይይዘዋል። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ መጠረዣ ለምን እንደማልጠቀም ይጠይቀኛል። በክር የተሰፋው ሲገለጥ ጠረጴዛው ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል፣ ክሩ ቢበጠስም ራሴ እሰፋዋለሁ። ፕላስቲኩ ከተሰበረ ግን ሌላ መግዛት ነው። ሽፋኑ የወረቀቱ ካርቶን ሲሆን በልብስ ሰፊው ጨርቅ ይለበሳል። የሚለጠፍበት ደብተር እያደር እንደሚወፍርም አትርሱ። በየቅጠሉ መሐል፣ ስፌቱ አጠገብ ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ካልተሰፋበት ሆዱ ይነፋና አልዘጋም ይላል።

ቀለሙን ያስተማሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። መልክአ ማርያም ኮፒ ሊያደርጉ መጥተው ደብተሬን ጠረጴዛ ላይ አዩት።

«ይህ ጥቁር ከምን ነው?» አሉኝ።

«ከእስክሪብቶ ነው የኔታ።»

«እስክሪብቶ ምኑ ቀለም ነው! ጥላሸት ነው እንጂ።»

ከዚያ ኮፒውን ረስተው ተቀመጡ። የብራና ጸሐፊ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተበጥብጦ ለወራት እንደሚከርም ነገሩኝ። ብራናው ሲፋቅ ቢላ ያለፈበት ቀዳዳ እንደማይጣል፣ በክር ተሰፍቶ ጸሐፊው ዙሪያውን እንደሚጽፍም ነገሩኝ። ይህ በተለይ ልቤ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተቀደደ ገጽ አልጥልም። በቀይ ክር እሰፋዋለሁ፤ ስፌቱም የሥዕሉ አካል ይሆናል።

እኔ ግን ወራት የለኝም። አቋራጩ ይኸው። የድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል፣ በቀጭን ጨርቅ ይነፋል። ውኃ ላይ ከበተናችሁት ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም። መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አረቄ ይታሻል። አረቄ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይጠፋም። ከዚያ በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ይጨመርበታል። ሙጫ ከሌለው ደርቆም እጅ ያጠቁራል። ጥላሸት ፀሐይ አያፈዝዘውም፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው።

ቀዩ ከደጅ ነው የመጣ። ወደ ቡሬ መውጫ ያለው ቀይ አፈር በብረት የቀላ ነውና አይለቅም። ይደቅቃል፣ በውኃ ይበጠበጣል። አሸዋው ሲዘቅጥ ቀዩ ውኃ ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። እሱ ሲያርፍና ውኃው ሲደፋ የሚቀረው ልስልስ ጭቃ ነው ቀለሙ። በእንቁላል አስኳል ወይም በሙጫ ይለወሳል።

ከማጀት የሚወጣው ቀለም ያን ያህል አይታመንም። ቀይ ስር ያማረ ሐምራዊ ይሰጥና ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል። እርድ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ያጠፋዋል፣ በተዘጋ ደብተር ውስጥ ግን ይቆያል። ላዩ ላይ የአመድ ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ወደ ቀይ ይዞራል፤ የጎረቤት ልጆች ይህን ደጋግሜ እንዳሳያቸው ይለምኑኛል። የቡና ዝቃጭ እስኪወፍር ቢፈላ ጥሩ ቡናማ ነው። ስኳር ያልገባበት ይሁን፤ አለዚያ ደብተሩ ጉንዳን ይሰበስባል። በጧፍ ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ስላችሁ ቡናውን ብትቀቡበት ሰሙ ያለፈበት መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለሰነፍ ቀን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ሱቄ የሰጠኝ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በማሽን የወጣ ኮፒ በግንባሩ ወረቀት ላይ ተደፍቶ፣ ጀርባው በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እርሶ በማንኪያ ቢታሽ ምስሉ ተገልብጦ ይተላለፋል። ማስለቀቂያው አሴቶን ያለበት መሆን አለበት፣ በርና መስኮትም ክፍት ይሁን። ከማሽኑ የሚራገፈውን ጥቁር ዱቄት ግን ለቀለም ብላችሁ እንዳትነኩት። የላመ ፕላስቲክ ነው፣ በትንፋሽ ይገባል። ተማሪዎች «ነፃ ቀለም እኮ ነው» ይሉኛል። ነፃ አይደለም።

ምንም ማድረግ የማይቻልባቸው ቀኖች አሉ። ሐዘን አለ፣ ሕመም አለ፣ ሰው የሚያሳስብበት ቀን አለ። ያን ቀን አንድ ቅዳጅ ወረቀት ለጥፌ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ያም ገጽ ነው። ትናንት ያመለጠኝን ዛሬ ደርቤ አልሠራም። ዕዳ ሆኖ ከተቆጠረ የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ደብተሩን ማየት ራሱ ያስጠላል። ባዶው ባዶ ሆኖ ይለፍ።

ያለቁትን መሬት ላይ አላስቀምጥም። ከማዳበሪያ ከረጢት ማኅደር ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ማንገቻ አለው፣ ግድግዳ ላይ በምስማር ይንጠለጠላል። በዱቄት የተጣበቀ ወረቀት ለአይጥ ምሳ ነውና። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አወጣና ገለጥ ገለጥ አድርጌ አናፍሳቸዋለሁ። እማዬ አሁን አይጥ ማለቱን ትታ «መጻሕፍትሽ እንዳይረጥቡ» ትላለች።

አረንጓዴ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። የጌሾ ቅጠል ጨምቄ አየሁ፣ ሳርም አየሁ፤ ሁሉም ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ለጊዜው እርድ እቀባና ከላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እጭራለሁ። መሪጌታ ይህን ባያዩ ይሻላል።