በአባይ በረሃ ዳገት ላይ የጋለ ሞተር

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የአንድን መኪና ሞተር ጤንነት ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ስፍራ በአገራችን ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከደጀን ደጋ ተነሥቶ አባይ ዳር እስኪደረስ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የወረዱትን ያህል መልሶ መውጣት አለ። ቁልቁለቱ የሚፈትነው ፍሬንን ሲሆን ዳገቱ የሚፈትነው ማቀዝቀዣውን ነው። ለዚህም ነው በጎሐ ጽዮን በኩል ባለው ዳገት ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖችንና ቢጫ ጀሪካን ይዘው የሚሮጡ ረዳቶችን ሳያዩ ማለፍ የማይቻለው።

በጥር ወር ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የያዝነው መኪና ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደርና ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር ነበር። የሄድነው የጤፍ ምርት መረጃ ለመሰብሰብ ስለነበር፣ መኪናው ሳምንታቱን ያሳለፈው ከአውድማ አውድማ ሲዞር፣ እህል በሚወቃበትና እብቁ በነፋስ በሚበተንበት ማሳ መካከል ሲገባና ሲወጣ ነው። ከኋላው የናሙና ጆንያዎች፣ ሚዛንና የአራት ሰው ጓዝ ተጭኖበታል። ሾፌራችን በዕድሜም በሙያም የሚበልጡን ሰው በመሆናቸው ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› እንላቸዋለን።

ከቢቸና እስከ ደጀን የሙቀት መለኪያው ቀስት ከግማሽ በታች ነቅነቅ አላለም። በቁልቁለቱም ጋሼ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በሞተር እየያዙ ስለወረዱ ሞተሩ ይብሱን ቀዘቀዘ። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውንና 303 ሜትር የሚረዝመውን የህዳሴ ድልድይ፣ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ በመሆኑ፣ ከግራ ከቀኝ እያየን ብቻ ተሻገርን። የበረሃው ወበቅ በመስኮት ሲገባ ከእኛ አንዱ ኤሲው እንዲከፈት ጠየቀ፤ ተከፈተም። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት ምክንያት በተሰነጣጠቀበትና ወደ ገደሉ በተዘነበለበት ቦታ ፍጥነታችን ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ፣ ቀስቱ ግማሹን አልፎ መውጣት ጀመረ።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ኤሲውን ዘጉ፤ ቀጥሎም በዚያ ሙቀት የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ከኋላ የተቀመጠው ባልደረባዬ ‹‹ጋሼ፣ ልንቀቀል ነው እኮ!›› ቢልም፣ ማሞቂያው ራሱ በሞተሩ ውኃ የሚሠራ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ፣ ከሞተሩ የሚነሣውን ሙቀት በከፊል ወደ እኛ በማምጣት ፋታ ይሰጠዋል። ቀስቱ መውጣቱን አዘገመ እንጂ አላቆመም። ከቀዩ መስመር ሳይደርስ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ አግኝተን ቆምን።

ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አላጠፉትም። ሞተር ሲጠፋ የውኃ ፓምፑም ፋኑም አብረው ይቆማሉ፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ግለት ግን የትም ስለማይሄድ የቆመውን ውኃ ማፍላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ውኃ እስካልፈሰሰና ችንጋው እስካልተበጠሰ ድረስ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እንዲሠራ መተው ይሻላል። ቀስቱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ጋሼም ከዚህ አንድ ነገር ተረዱ። ውኃው እየዞረ ነው፤ ሸክሙ ሲነሣለትም ይቀዘቅዛል፤ እንግዲህ የጎደለው የማቀዝቀዝ ዐቅም ነው።

በዚህ መሀል ከፊታችን ቆሞ የነበረ የተሳቢ መኪና ሾፌርና ረዳቱ መጡ። በበረሃው መንገድ የቆመን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና፣ ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ተንደረደረ። ጋሼ ክንዱን ይዘው አስቆሙት። በክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይህም ክዳኑ በውስጡ የሚይዘውን ግፊት የሚያመለክት ሲሆን፣ በዚህ ግፊት የተነሣ የውኃው የመፍያ ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ታች ውኃ በክፍት ድስት ቢጣድ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይፈላል፤ በጎሐ ጽዮን ከፍታ ደግሞ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ በ105 ዲግሪ ሳይፈላ የተቀመጠ ውኃ፣ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱን ሲያጣ ከፊሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የከፈተውን ሰው ፊት ይገሸልጣል። ደግሞም የትርፍ ውኃው ፕላስቲክ መያዣ ከምልክቱ በላይ ሞልቶ ስለነበር የሚጨመር ውኃም አላስፈለገም።

የተሳቢው ሾፌር በበኩሉ መፍትሔውን ጨርሶ ነበር የመጣው። ‹‹ጋሼ፣ ቴርሞስታቷን ነቅለው ይጣሏት፤ እኛ ከጣልናት ቆይተናል›› አላቸው። ይህ ምክር በየጋራዡ የሚሰማ ነው፤ እኔ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ ክዳን ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት፣ ከበታቹ ባለችው ሁለተኛ ክዳን ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር፣ ከውኃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመላለሳል። ደጋ ላይ ደግሞ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ናፍጣ ይበላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ጋሼ ይህን ሁሉ አላብራሩለትም፤ ‹‹ትቆይ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ጥፋቷን እንይ›› ብቻ አሉት።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እጃቸውን ወደ ራዲያተሩ ቱቦዎች አስጠጉ። ቴርሞስታቱ ቢዘጋ ኖሮ የላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ለብ ከማለት አያልፍም ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም እኩል ይፋጃሉ፤ ውኃው ግሎ ራዲያተሩ ውስጥ ይገባል፣ እንደጋለም ይወጣል ማለት ነው። የዘይቱን ዘንግ መዝዘው አዩ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ የወተት መልክ የለውም። ሁላችንም የፈራነው የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ገብቶ ውኃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያደርገው ማሸጊያ፣ ተበልቶ እንዳይሆን ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሡ፤ ከአፉ የሚወጣ አረፋም የለም፤ ኩላንቱም አረንጓዴ እንደሆነ ነው። በበረሃው መሀል የተሰማኝ እፎይታ ቀላል አልነበረም፤ የዚያ ጥገና ዋጋ የጉዞውን በጀት በሙሉ የሚበላ ነበርና።

ክዳኑን መልሰው ሞተሩ እንደገና ሲሞቅ፣ ጋሼ ከማስታወሻ ደብተሬ አንድ ገጽ ቀደው ከፊት ግሪሉ ላይ አስጠጉት። ፋን በወጉ አየር የሚስብ ከሆነ ወረቀቱ ከግሪሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የእኛው ወረቀት ለቀቅ ሲያደርጉት ተንሸራትቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ደግመው ሞከሩት፤ ወደቀ። ፋኑ ከኋላ እየተሽከረከረ አየር ከፊት አይገባም።

ሞተሩን አጥፍተው በካቻቢቴ ግሪሉን ፈቱና በስልክ መብራት አየን። ከፊት ያለው የኤሲው ኮንደንሰር፣ ማለትም የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል፣ አቧራ ከመልበሱ በቀር ደኅና ይመስላል፤ ችግሩ በእሱና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ነበር። የጤፍ እብቅ፣ የገለባ ስብርባሪና የዋልካ አቧራ፣ ከሌሊት ጤዛ ጋር ተቦክተው ደርቀው፣ የራዲያተሩን ታችኛ አጋማሽ እንደ ለምድ ሸፍነውታል። በጣት ሲነካ ከላዩ እየተነሣ የሚቦን ቢጫ ብናኝ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን በጥፍር ካልተፋቀ አይለቅም። መኪናውን ከፊት ለፊት ያጠበ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም፤ እንዲያውም የውኃው ግፊት ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የታየው ፋኑን ከላይ ስንመለከት ነው። በፋኑ ዙሪያ የሚገጠመውና አየሩ በሙሉ በራዲያተሩ በኩል ብቻ እንዲሳብ የሚያስገድደው ክብ የፕላስቲክ ሽፋን በቦታው የለም። ከጉዞው በፊት ችንጋ የቀየረልን ጋራዥ አውልቆት ሳይመልሰው ቀርቷል። ሽፋኑ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከጎንና ከኋላ ያለውን፣ በሞተሩ የጋለውን አየር ነው። መኪናው በሜዳ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ጉዞው ራሱ ነፋስ ስለሚያስገባ ጉድለቱ አይታወቅም፤ በዳገት በ20 ሲሄድ ግን ያለው ተስፋ ፋኑ ብቻ ነው። እብቁም የሽፋኑም መጥፋት ከቢቸና እስከ ደጀን ተደብቀው፣ አባይን ስንሻገር አብረው የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ለጽዳቱ የቀረበን መሣሪያ የላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ነበር። ክዳኑን በምስማር በስተን፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ማለትም ቆሻሻው በገባበት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ እየጨመቅን ረጨነው። የጎደለው ሽፋን በዚህች ሰዓት ብቻ ጠቀመን፤ ቢኖር ኖሮ እጅ አይገባም ነበር። መራስ የጀመረውን ገለባ ከፊት በቀጭን እንጨት ከላይ ወደ ታች ጠረግነው፤ የራዲያተሩ ክንፎች ስሶች በመሆናቸው በብረት መነካካት ቢያጥፋቸው ሌላ ጉዳት ነው። ረዳቱ ያመጣው ጀሪካን አለቀ፤ ሌላም አመጣ። የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ ጭቃ፣ ኋላም ቢጫ፣ በመጨረሻ ጠራ ያለ ሆነ። የተሳቢው ሾፌር የጀሪካን ላስቲክ ቀደን በሽቦ በማሰር ሽፋን እንድንሠራ ሐሳብ ቢያቀርብም ጋሼ እምቢ አሉ፤ ሽቦው ተፈቶ ላስቲኩ ፋኑ ውስጥ ቢገባ ራዲያተሩን እንደሚቀደው ያውቃሉ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀን ተነሣን። ጋሼ በሦስተኛ ማርሽ እያንገራገሩ ከመውጣት ይልቅ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን ቀለል አድርገው ያዙት፤ ዙሩ ከፍ ሲል ፓምፑም ፋኑም ስለሚፈጥኑ፣ ሞተሩን ሳያስጨንቁ መውጣት የሚቀለው በዚህ መንገድ ነው። ኤሲው ተዘግቷል፤ ማሞቂያው ክፍት ነው፤ ላባችን ይንቆረቆራል። ቀስቱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ እዚያው ቆመ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ መሽቶ ብርድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በገብረ ጉራቻና በፍቼ በኩል እስከ ሱሉልታ ማንም ስለ ሙቀት አላነሣም።

አዲስ አበባ እንደገባን ያገለገለ ሽፋን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ራዲያተሩም ወርዶ ከነኮንደንሰሩ ታጠበ። ሽፋኑን ያወለቁት መካኒኮች ሲጠየቁ ‹‹ያለ እሱም ይሠራል ብለን ነው›› አሉ፤ በከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪና በእርግጥም ለጊዜው ይሠራል። በእኔና በጋሼ መካከል ሳይቋጭ የቀረው ክርክር ስለ ወንፊት ነው። እኔ ለአውድማው ወቅት ከግሪሉ ኋላ የሽቦ ወንፊት እንዲገጠም ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ወንፊቱ ራሱ ቶሎ ስለሚደፈን አየሩን ከእብቁ እኩል እንደሚከለክል፣ በዚያ ፈንታ በየማታው ግሪሉን ፈትቶ ከኋላ ማጠብ እንደሚሻል ይናገራሉ። ለጊዜው የጸናው የእሳቸው ነው፤ ክዳኗ የተበሳው ጠርሙስም በመኪናው የዕቃ ሳጥን ውስጥ ከካቻቢቴውና ከፒንሳው ጋር ተቀምጣለች።