የሐጂ ደብተር

የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ስልክ አያሰማም። ሐጂ ደውለው «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ሲሉኝ ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸው ነው የገባኝ። ሰዎቹ ማለት ድረ ገጹን አይተው በርጩማና ወንበር የሚያዙት ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልደወለም።

ሐጂ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከአባታቸው ነው የተማሩት። ድረ ገጹን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ሰው «የጅማ በርጩማ» ብሎ ጉግል ላይ ሲፈልግ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር የምንገኘው፤ ወደ ፊት አመጣዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ነግሬያቸው ነበር።

የጎደለን ሊንክ፣ ማለትም ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚጠቁም ማያያዣ፣ እንደሆነ አውቃለሁ። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንፎርድ ሳሉ የጉግልን አሠራር ሲጽፉ መነሻቸው ይኸው ነው፦ ብዙዎች የጠቀሱት ጥናት እንደሚከበር፣ ሌሎች የጠቆሙት ገጽም ይከበራል። ጥቆማ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ራሱ የተከበረ ገጽ የሚሰጠው ይመዝናል። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዤ ሁለተኛውን ረሳሁት። ቴሌግራም ላይ 3000 ሊንክ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና ከፈልኩ። የከፈልኩት ከኪሴ ነው፤ ይህን የምናገረው ትንሽ እንድታዝኑልኝ ነው።

ከሐጂ ስልክ በኋላ ሰርች ኮንሶልን፣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠውን መከታተያ፣ ስከፍት መልእክቱ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ወደ ገጹ የሚመጡት ሊንኮች ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ስለዚህ እርምጃ ተወስዷል ይላል። ማሽን ብቻ አይደለም፤ ሰው አይቶ የፈረደው ነው።

ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ወደ እኛ የሚጠቁሙትን ገጾች ዝርዝር አብረውኝ አዩ። የቁማር ቤት፣ የክብደት መቀነሻ ክኒን፣ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ የጫማ ገጽ።

«እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ?»

«አያውቋቸውም፣ ሐጂ።»

«እነሱስ በርጩማዬን አይተውታል?»

«አላዩም።»

«ታዲያ ምን ብለው መሰከሩልኝ፣ ልጄ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አስመጡልኝ።

ማጽዳቱ አሰልቺ ነው። መጀመሪያ የገጾቹን ባለቤቶች «ሊንኩን አንሱልን» ብዬ ለመንኩ። አብዛኞቹ አልመለሱም፤ አንዱ ለማንሳትም ክፍያ ጠየቀ። የቀሩትን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) እየጻፍኩ፣ እነዚህን አትቁጠርብን ብዬ ለጉግል ላክሁ። ከዚያ የይታይልን ማመልከቻ። ሰበብ ልደረድር አስቤ ነበር፤ በመጨረሻ «ገዝቼ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ዝርዝሩን መስመር በመስመር ባላነብ ኖሮ ግን ዋናውን አላገኘውም ነበር። ከቆሻሻው መሃል አንድ መንገደኛ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝቶ ሲመለስ የጻፈው ገጽ አለ። የሐጂን በርጩማ በፎቶ አሳይቶ ወደ ገጻችን ጠቁሟል። ነካሁት። «ገጹ አልተገኘም።» 404።

ድረ ገጹን ባለፈው ዓመት እንደ አዲስ ስሠራ የገጾቹን አድራሻ ቀይሬ ነበር። የድሮውን ወደ አዲሱ አላዞርኩም። እንዲህ ያሉ ሌሎች አራት አገኘሁ፤ ሁሉም ሐጂን የሚያውቁ፣ ሁሉም የተዘጋ በር የሚያንኳኩ። በሩን የዘጋሁት እኔ፣ ከመንገድ ምስክር የገዛሁትም እኔ። የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ በሚልከው በ301 ማዞሪያ አምስቱንም ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ሳንቲምም አልወጣበትም።

ሐጂ ይህን ስነግራቸው የትእዛዝ ደብተራቸውን አወጡ። ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ የተጻፈ፣ ቫርኒሽ የነካው ወፍራም ደብተር ነው። ወንበር የወሰደ ፔንሲዮን፣ ለቡና መቅመሻ ክፍሉ ጠረጴዛ ያሠራ ቡና ላኪ፣ ቱሪስት ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ። ድረ ገጽ ያላቸውን ስንለይ 14 ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው የገዛ ዕቃቸውን ፎቶ አያይዤ «ማን እንደሠራው ለእንግዶቻችሁ ብትነግሩልን» ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ «በርጩማ በስጦታ ልላክላቸው?» ሲሉኝ እጃቸውን ያዝኩ፤ በሊንክ ፋንታ ዕቃ መስጠትም በጉግል ሕግ ከመግዛት አይለይም።

ስድስቱ እሺ አሉ። አንዱ ሊንኩን ያስገባው በኖፎሎው ምልክት ነው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው፣ «ጠቁሜያለሁ እንጂ ዋስ አልሆንም» እንደማለት ያለ ነገር። የሥራ ባልደረባዬ «ዋጋ የለውም» ብሎ ሳቀ። የመጀመሪያው ደዋይ ግን የመጣው ከዚያ ገጽ ነው፤ ለሠርግ ቤት 12 በርጩማ አዘዘ።

እርምጃው የተነሳልን ከሳምንታት በኋላ ነው። ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመልሰናል፣ ቀስ እያልን ወደ ላይ እየሄድን ነው። ሐጂ ደብተራቸው ላይ ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምረዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ በርጩማ ገዝቶ ሊወጣ ሲል ሐጂ እስክሪብቶ ይዘው «ድረ ገጽ አለህ?» አሉት። ሰውየው በርጩማውን እንዳቀፈ ዞሮ እኔን አየኝ።