ስትጫነው ይተኛል

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ሰንበት ነው፤ ማሽን አይነሣም። ሰፈሩ ከቅዳሴ ተመልሶ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነገር ባስነሣ፣ ሰው ባይናገረኝም እኔው ራሴ አፍራለሁ። ስለዚህ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ልጻፋቸው።

ዕቃው የጣውላ መላጊያ ማሽን ነው። ፕላነር የሚሉት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት። ትንሽ ይባል እንጂ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አዲስ አበባ ነው የገዛሁት፤ ያገለገለ ነው። ሻጩ «ሶኬት መሰካት ብቻ ነው፣ ወዲያው ሥራ ትጀምራለህ» አለኝ። አመንኩት። በአይሱዙ ተጭኖ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አንድ ብሎን ሳይላላበት ደረሰ። ችግሩ የጀመረው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ወርክሾፕ እያልኩ የምጠራት ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ናት። 3 በ4 ሜትር። ድሮ እህል ይቀመጥባት ነበር፤ አሁንም አንዱ ጥግ ላይ የጤፍ ጆንያ አለ። ባለቤቴ «እሱን እንዳትነካ» ብላለች። ማሽኑን መጀመሪያ ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ያምር ነበር። ከዚያ 2 ሜትር ጣውላ ተሸክሜ ፊቱ ቆምኩ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጣውላው ከመግባቱ በፊት 2 ሜትር ይፈልጋል፤ ሲወጣም ሌላ 2 ሜትር ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ደግሞ ማሽኑ ራሱ አለ። ቤቷ 4 ሜትር ናት። ሒሳቡ እንቢ አለ።

ሦስት ቀን ለካሁ። ወዲህ አዞርኩት፣ ወዲያ አዞርኩት፣ ወገቤን አመመኝ። በሩን ልብ ያልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የማሽኑን መውጫ ወደ በሩ አደረግኩት። አሁን ጣውላው ከጤፉ አጠገብ ይነሣል፣ በበሩ ወደ ግቢ ይወጣል። ፍቅፋቂውም አብሮ ውጭ ይተፋል። የጎረቤት ዶሮዎች የመጀመሪያ ቀን በድንጋጤ አጥር ዘለው ጠፉ። አሁን ሞተሩ ዝም ሲል ጠብቀው መጥተው ክምሩን ይጭራሉ። ባለቤቴ ከማሽኑ የወደደችው ይህንኑ ፍቅፋቂ ነው። በጆንያ እየሰበሰበች እሳት ታቀጣጥልበታለች።

መብራቱ ሌላ ጣጣ ነበር። ሞተሩ 1800 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል። እኔ ደግሞ ለቴሌቪዥን የምንጠቀምበትን ቀጭን ኤክስቴንሽን ሰካሁለት። ሁለት ጣውላ ሳልጨርስ ሽቦው እጅ የማያስነካ ሆነ። ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ከብሬከሩ በቀጥታ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አስዘረጋሁ። ከዚያ በኋላ የቀረው የእንጀራ ምጣዱ ብቻ ነው፤ እሱ ከማሽኔ እጥፍ ገደማ ይበላል። ባለቤቴ ስትጋግር እኔ እቆማለሁ። ድርድር አልነበረውም።

የዋንዛውን ነገር ግን በደንብ ልጻፈው፣ እስካሁን ይቆጨኛልና።

ጎዛምን አማቴ ጓሮ የነበረ ዋንዛ ንፋስ ጥሎት ነበር። አስሰንጥቀን፣ ጣውላው መሃል ስንጥር እያደረግን ጥላ ሥር ደረደርነው። ሦስት ክረምት አለፈው። ደርቋል፤ ግን አንዳንዱ በደረቀ ጊዜ ጎብጧል። እኔ ደግሞ ማሽኑን የገዛሁት የጎበጠ ያቃናልኛል ብዬ ነው። 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን አንዱን አስገባሁት። እንደ መስታወት ለስልሶ ወጣ። ያ ቡናማ ቀለሙ ሲገለጥ ደስታዬ ሌላ ነበር። መሬት ላይ ሳስቀምጠው ግን ይንገዳገዳል። ደግሜ አስገባሁት። ሠልሼ አስገባሁት። 31 ሚሊ ደረሰ። አሁንም እንደ ቀስት ጎብጧል።

ጋሼን ጠራኋቸው። የሰፈራችን አናጺ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጡ። ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ጣውላውን አንሥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በርዝመቱ አዩት።

«ደግ ማሽን ነው» አሉ። «የሰጠኸውን ይመልስልሃል።»

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። በሁለት እጃቸው ጫን አሉት፣ ቀጥ አለ። ለቀቁት፣ ተመልሶ ጎበጠ።

«አየህ ልጄ፣ ስትጫነው ይተኛል፣ ስትለቀው ይነሣል። እነዚያ ጎማዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት።»

እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ጎማ ሮለሮች ጣውላውን እየጎተቱ ወደ ታች ይጫኑታል። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ቢላዋው ከላይ እኩል ይልገዋል። ሲወጣ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ማሽኑ የላዩን ገጽ ከታችኛው ጋር እኩል ያደርጋል እንጂ የተጣመመ አያቃናም። መጀመሪያ አንዱ ፊት ቀጥ ማለት አለበት። ጋሼ ይህንን በእጅ መላጊያ ይሠሩታል። እኔ እጄ ስላልበሰለ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። ቀጥ ያለ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ላይ ጣውላውን አስቀምጬ፣ ክፍተት ባለበት ሁሉ ቀጭን ሽብልቅ ከሥሩ ሰክቼ በኮላ አያያዝኩት። እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ ማገጃ መታሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ይገባሉ። ሮለሩ ቢጫንም የሚተኛበት ባዶ ቦታ የለም። የላዩ ፊት ሲቃና ሽብልቁን ነቅዬ፣ ጣውላውን ገልብጬ ብቻውን አስገባሁት። ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ግን 24 ሚሊ ቀርቶ ነበር። የሦስት ክረምት ዋንዛ ቡና ማፍያ ፍቅፋቂ ሆነ።

ሌላው ሻጩ ያልነገረኝ፣ ቢላዋዎቹ የተሸረፉ መሆናቸው ነው። የቀድሞው ባለቤት ምስማር አስበልቷቸዋል መሰለኝ። በለሰለሰው ጣውላ ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለ ጉብታ ይተዋሉ። አዲስ ቢላዋ እስኪገኝ አንዱን ቢላዋ ፈታ አድርጌ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ገፋሁት። የብሎኑ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ ይገፋል። አንዱ የዘለለውን ሌላው ይልገዋል፤ ክሩ ጠፋ። ይህን ያደረግኩት ሶኬቱን ነቅዬ፣ የቆዳ ጓንት አድርጌ ነው፤ የተሸረፈም ቢሆን ጣት ለመቁረጥ አያንስም።

የጣውላውን ጫፍ መብላቱም አለ። መጨረሻዋ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ጎድጎድ ያደርጋል። ጣውላው ከፊተኛው ሮለር ሲለቅ ጭራው ወደ ቢላዋው ይነሣል። ግንበኛ ጎረቤቴ ልስን የሚያስተካክልበትን ረጅም አሉሚኒየም ተውሼ ማሽኑ ወለል ላይ አጋደምኩ። ከዚያ የመግቢያውና የመውጫው ጠረጴዛ ውጫዊ ጫፍ ከመሃሉ ትንሽ ከፍ እንዲል አደረግኩ። መለኪያዬ ኤቲኤም ካርዴ ነው፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ትንሽ ያንሳል። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን በጣት ካልፈለጉት አይታወቅም። ወለሉ እንዲያንሸራትት ደግሞ ሻማ እቀባዋለሁ። ንጹሕ ሰም ሞክሬ ነበር፣ ይይዛል። ተራው የሱቅ ሻማ ይሻላል።

ትናንት አመሻሽ የመጨረሻውን ጣውላ አስገባሁ። ግማሹ በበሩ ወጥቷል፣ ግማሹ ከውስጥ ነው። መብራት ጠፋ።

ጆሮ መከላከያዬን ሳወልቅ ሰፈሩ ጭር ብሏል። መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሌሊት መብራት መጥቶ ብቻውን ቢነሣስ? ማሽኑ የቆመበትን የውፍረት ቁጥር በስልኬ መብራት አይቼ ያዝኩ፤ ከዚያ መዘውሩን አዙሬ ቢላዋውን ከፍ አድርጌ ጣውላውን አወጣሁት። ቤት ይዤው ገባሁ።

ባለቤቴ በጨለማ መሳቢያ እየከፈተች ሻማ ትፈልጋለች። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ለኮሰችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። አንድ ጎኑ ተልጎ ጠፍጣፋ ሆኗል።

«ይኼን ደግሞ ምን በላው?» አለችኝ።

እኔ በአውራ ጣቴ ጣውላው መሃል የቀረችውን ቀጭን እርከን እየዳበስኩ ነበር። ከወዲህ ለስላሳ፣ ከወዲያ ሻካራ።