ሐዋሳ ላይ በርገር ስትፈልጉ መጀመሪያ ስለ ሥጋው ጠይቁ

ሐዋሳ ላይ በርገር የማይሸጥ ካፌ ማግኘት ይከብዳል። ከገብርኤል ቤተክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ፒያሳ፣ አቶቴ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ሜኑ ያለው ቤት ሁሉ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ይዘረዝራል፦ ኖርማል፣ ቺዝ እና ስፔሻል። አብዛኞቹ ያጠግባሉ። ከሳምንት በኋላ ትዝ የሚል ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱም ከሶሱ ወይም ከቤቱ ማማር አይመጣም፤ ሥጋው ውስጥ ካለው ጮማ ነው የሚመጣው።

የቤቶችን ስም አልዘረዝርም። እዚህ ከተማ ሼፍ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ሼፉ ሲለቅ በርገሩም አብሮት ይለቃል። ዘንድሮ የተመሰገነ ቤት ለከርሞ ሌላ ነገር ሊያቀርብ ይችላል። ምልክቶቹን ማወቅ የበለጠ ይጠቅማል።

የእኛ የበሬ ሥጋ ቀይ ነው። አብዛኛው ከብት በግጦሽ ያደገ፣ ብዙውም ሲያርስ የኖረ ስለሆነ በሥጋው መሀል የተሰራጨ ስብ የለውም። ይህ ለጥሬ ሥጋና ለክትፎ ጸጋ ነው። በርገር ላይ ግን ችግር ይሆናል፤ ሥጋው ሲፈጭ ጡንቻው ይቆራረጣል፣ እሳት ሲነካው ውኃውን ይለቃል፣ የሚያረጥበው ስብ ከሌለ እንደ ደረቀ ጥብስ ፍርፍር ይላል። ለጥሩ በርገር የሚመከረው ልኬት 80 በመቶ ቀይ ሥጋ፣ 20 በመቶ ጮማ ነው። ከ15 በመቶ ሲወርድ ይደርቃል፤ ከ25 በመቶ ሲያልፍ እየተኮማተረ ዘይት ውስጥ ይዋኛል።

ጮማውም ከየትም አይሆንም። የሻኛና የፍሪምባ ጮማ ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብሎ እየቀለጠ ሥጋውን ያረጥባል። የሆድ ዕቃ ሞራ ግን ጠንካራ ስለሆነ በርገሩ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በርገር በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አፋችሁ ሰም የተቀባ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሞራ ነው። ከዳቢት ቀይ ሥጋ ላይ ሻኛ ጨምሮ የሚያስፈጭ ቤት ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ታዲያ ይህን ከጠረጴዛ ሆኖ እንዴት ማወቅ ይቻላል? በመጠየቅ። «ወንድሜ፣ ሥጋው መቼ ነው የተፈጨው? ውስጡ እንቁላል ወይም ዳቦ አለው?» የሚለው በቂ ነው። «ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከሥጋና ከጮማ በቀር ምንም የለውም» የሚል መልስ ከመጣ እዘዙ። «ትኩስ ነው» ብቻ ከተባላችሁ ግን ጥያቄያችሁ አልተመለሰም፤ ኩሽና ገብቶ እንዲጠይቅላችሁ በትህትና ለምኑት። ጥሩ የሚሠራ ሼፍ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዴ ራሱ ወጥቶ ያስረዳል።

እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪና ሽንኩርት ሥጋው ውስጥ የሚለነቀጡት ብዙ ጊዜ ጮማ ስለሌለው እንዳይበታተን ነው። ውጤቱ ኮፍታ ነው። ኮፍታ ራሱን የቻለ ግሩም ምግብ ነው፤ በርገር ግን አይደለም። በተለይ ጥሬ ሽንኩርት ውኃ ይለቃል። ሥጋ ጠቆር ብሎ የሚሸተው ያ የጥብስ ቅርፊት የሚፈጠረው የላይኛው ገጽታው ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ነው። ውኃ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው ሐዋሳ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሥጋው ገጽ ከዚያ አይዘልም። ስለዚህ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ግራጫ ሆኖ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ጨውም እንዲሁ ጊዜ አለው። የተፈጨ ሥጋ ከጨው ጋር ተለንቅጦ ካደረ ፕሮቲኑ ይሟሟና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲነከስ እንደ ሞርታዴላ ይለጠጣል። ጨው የሚነሰነሰው ምጣዱ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ከላይና ከታች ብቻ ነው።

አዲስ ቤት ስትሞክሩ ስፔሻሉን አትዘዙ። ስፔሻል ማለት በብዙ ቤት እንቁላል፣ ሞርታዴላ፣ ቺዝ፣ አንዳንዴም ሁለት ሥጋ ተደራርቦ ማለት ነው። ዓይን ይሞላል፣ ሆድም ይሞላል፤ የሥጋውን ጉድለት ግን ይሸፍናል። ኖርማሉን ወይም ቺዙን እዘዙና አንድ ጊዜ ከነከሳችሁ በኋላ መሀሉን እዩት። የሥጋው ጠርዝ ቡናማና ትንሽ ያልተስተካከለ፣ መሀሉ የላላ፣ ጭማቂው ወደ ታችኛው ዳቦ የወረደ ከሆነ የምትፈልጉት ይኸው ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል፣ ከዳቦው በጣት ስፋት ያነሰ ሥጋ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከፍሪዘር የወጣ ሊሆን ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሥጋ ጭማቂውን ያጣል፤ ጤናም ላይ አደጋ አለው።

ቀኑንም ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን በመሆኑ ብዙ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች አይሠሩም፤ ስለዚህ የዓርብ በርገር ሥጋ ብዙ ጊዜ የሐሙስ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና ሐሙስ ይሻላሉ። በሁዳዴ 55 ቀናት የሥጋ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ የሚቆየው ይበዛል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ግን ጾሙ ስለማያግዳቸው ከእነሱ የሚገዛ ካፌ በእነዚህ ቀናትም ትኩስ ሊያቀርብ ይችላል። ይህንንም መጠየቅ ነውር የለውም።

ዳቦው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ተራ የዳቦ ቤት ዳቦ ቅርፊቱ ይጠነክራል፤ ስትነክሱት ሥጋው በሌላኛው በኩል ይወጣል። ጥሩ የበርገር ዳቦ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይገባና ተመልሶ ይነሳል። የተቆረጠው ገጹ በቅቤ ወይም ከሥጋው በወረደው ስብ ጠበስ መደረግ አለበት፤ ያ ቀጭን ቅርፊት ከሌለ ጭማቂው ዳቦውን ያረሰርሰዋል። ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ስንት ቤት እንደሚዘለው ግን ያሳዝናል።

ቺዙ ሥጋው ምጣድ ላይ ሳለ፣ የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ላይ ተጭኖ በክዳን መቅለጥ አለበት። ቲማቲም ቀጭን ሆኖ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት ውኃው የተጠፈፈ ቢሆን ይመረጣል። ማዮኔዙ ቤት ውስጥ በጥሬ እንቁላል የተሠራ ከሆነና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲሞቅ ከዋለ አትንኩት፤ በሐዋሳ የቀትር ሙቀት ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ አይፈጅበትም። ዳጣ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ዳጣ ጠይቁ። የደቡቡ ዳጣ ከቃሪያው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከቅመማ ቅመሙ ጋር የጮማውን ክብደት ይቆርጠዋል፤ ለእኔ ከካቻፕ መቶ እጥፍ ይሻላል። በጣም ስለሚያቃጥል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለአንድ በርገር ይበቃል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ጋር ከተመታ ደግሞ እኩል ይዳረሳል።

«በደንብ ይብሰል ወይስ መሀሉ ቀላ ይበል?» ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ በደንብ ይብሰል በሉ። ቁርጥ ለምዶ የተፈጨ ሥጋን በዚያው ዓይን ማየት ስህተት ነው። ባክቴሪያ ያለው በአብዛኛው ሥጋው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ግን ወደ መሀል ይገባል። የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ የኮሶ ትልም በዚህ ሙቀት ይሞታል። ጮማው በቂ ከሆነ 71 ዲግሪ ደርሶም አይደርቅም።

ቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ሥጋ ቤት የሚነገረው እንዲህ ነው፦ 800 ግራም ዳቢት፣ 200 ግራም ሻኛ፣ አንድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጭ። ሁለቴ ሲፈጭ ይደቃል፣ ይጣበቃል። መፍጫው ውስጥ የቀድሞ ደንበኛ ሥጋ እንዳይኖር እንዲታጠብ ጠይቁ፤ ጠዋት መጀመሪያ መድረስም ይረዳል። ሥጋው ቤት እንደደረሰ ፍሪጅ ይግባ፤ ጮማው እጅ ላይ ከቀለጠ ምጣድ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ከአንድ ኪሎ እያንዳንዳቸው 140 ግራም የሆኑ 7 ፓቲዎች (ክብ የበርገር ሥጋዎች) ይወጣሉ። ሳይጨመቅ፣ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ተድቦልቡሎ ይዘረጋል። ስፋቱ ከዳቦው ዙሪያውን በአንድ ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ሲጠበስ ይሰበሰባል። መሀሉን በአውራ ጣት ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት፤ አለበለዚያ እንደ ኳስ ያብጥና ጠርዙ ሲያር መሀሉ ጥሬ ይቀራል።

ወፍራም የብረት መጥበሻ ጭስ እስኪል ይጋል። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አትጨምሩ፤ መጥበሻው ይበርድና ሥጋው በራሱ ውኃ ይቀቀላል። በአንድ በኩል 4 ደቂቃ ያህል፣ በሌላው በኩልም እንዲሁ። በመሀል በመገልበጫ አትጫኑት፤ ያ የሚንጫጫው ድምፅ ገንዘብ ያወጣችሁለት ጮማ ሲፈስ ነው። መጫን የሚፈቀደው ቀጭን በርገር ሲሠራ ብቻ ነው፦ 80 ግራም ድቡልቡል ሥጋ የጋለ ብረት ላይ ተጥሎ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች፣ ጮማው ገና ሳይቀልጥ፣ አንዴ ተጨፍልቆ ይተዋል። እንዲህ የተሠራ ሁለት ቀጭን ሥጋ ከአንድ ወፍራም የተሻለ ቅርፊት አለው፤ ጮማ ያነሰው ሥጋ ለገጠመው ሰውም የምመክረው ይህን ነው፣ ቶሎ ስለሚበስል ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም።

ሐዋሳ ከብዙ ከተማ የምትለይበት የዓሣ በርገር ነው፤ ሜኑ ላይ እንደ ተጨማሪ መታየቱ አይገባውም። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዓሣ ገበያ ጠዋት የሚወጣው ቆሮሶ ከሰዓታት በኋላ ዳቦ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እዚህም የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ዓሣው የተከተፈ ነው ወይስ ሙሉ ፊሌቶ? ሙሉ ፊሌቶ ይሻላል፤ የተከተፈው ውስጥ አሮጌ ዓሣና እሾህ ይደበቃል። ጥሩው ዓሣ ሲሸት የሐይቅ ውኃ እንጂ የዓሣ ሽታ የለውም፤ ሥጋው በሹካ ሲነካ በትልልቅ ንጣፍ ይለያል። የሚጠበሰው በጨርቅ ደርቆ፣ ዱቄት ነካ ተደርጎ፣ 180 ዲግሪ በደረሰ ዘይት ለ3 ወይም 4 ደቂቃ ነው። ዘይቱ በቂ ካልጋለ ዱቄቱ ይጠጣዋል፤ ፎይሉ ላይ የሚቀረው ዘይት ይህን ይናገራል። ዳጣና ሎሚ ለዚህ በርገር የግድ ናቸው፤ ቺዝ ግን ይቅር።

ባጃጅ ላይ አስጭናችሁ ወደ ቤት ለመውሰድ ካሰባችሁ ዳቦው ለብቻ እንዲጠቀለል እዘዙ፤ የድንች ጥብሱ ደግሞ ክዳኑ ክፍት ይሁን። በፎይል ታፍኖ 15 ደቂቃ የቆየ በርገር በራሱ እንፋሎት ይርሳል፤ የትኛውም ሼፍ ቢሠራው ለውጥ የለውም።