ባዮሎጂ እያስተማርኩ ንባብ ያስተማርኩበት መንገድ

የማስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ሳይንስን በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው እኔ ጋ ሲደርሱ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ። ስለዚህ መጽሐፉን ገልጠው አያዩም። ሰሌዳ ላይ የሚጻፍላቸውን ኖት ይጠብቃሉ።

እኔም ኖቱን ቀነስኩ። ከ40 ደቂቃው መጀመሪያ ላይ ያለውን ጊዜ ለአንድ አንቀጽ ሰጠሁት። ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ መሀል ላይ ቆም እልና የማስበውን እናገራለሁ። «‹ይህ ሂደት› ይላል። የትኛው ሂደት? ቆይ፣ ወደ ላይ ልመለስ።» ልጆቹ ጎበዝ አንባቢም ወደ ኋላ እንደሚመለስ ያዩት ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ሥዕሉ እንሄዳለን። ባዮሎጂ ላይ ሥዕል ጌጥ አይደለም። ስለ ቅጠል የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ልጅ የአየር ቀዳዳዋን ሥዕሉ ላይ በጣቱ ማሳየት አለበት።

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው የገባቸውን በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። «በአማርኛ ካወሩ እንግሊዝኛውን መቼ ሊለምዱ ነው?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ያነበበውን በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያቃተው ልጅ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ግልባጭ ብቻ ነው ባይ ነኝ።

ሌሎች መምህራንም በየትምህርታቸው ሞከሩት። የሒሳብ መምህሩ በታሪክ መልክ የተጻፈ ጥያቄ ሲሰጥ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ይሰርዛል። ልጆቹ ቁጥር ሲያዩ ዝም ብለው ማባዛት ስለሚጀምሩ፣ በቅድሚያ ታሪኩን እንዲነግሩት ይፈልጋል። የታሪክ መምህርቷ ደግሞ ስለ 1888ቱ የዓድዋ ጦርነት ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ታስነብባለች። ማን ጻፈው? ለማን? ምን ዘለለ?

ይህ ሁሉ የማይደርስላቸው ልጆች አሉ። ዘጠነኛ ክፍል ደርሰውም አማርኛውን ራሱ እየተደናቀፉ የሚያነቡ። እነሱን ክፍል ፊት አስነስቶ ማስነበብ ማሳፈር ነው፤ አላደርገውም። ከአማርኛ መምህሯ ጋር ተነጋግረን ከክፍለ ጊዜ ውጭ በአጫጭር የአማርኛ ጽሑፎች ጀመርንላቸው። ለውጡ አዝጋሚ ነው፤ ጊዜው ግን ይገባቸዋል።

ፈተናዬንም ለወጥኩ። አሁን ቀድመው ያላዩት አንድ አንቀጽና አንድ ሥዕል አለበት። ልጆች የማይፈተኑበትን ነገር ቶሎ ይተዉታል።