ጳጉሜን የረሳው መሐንዲስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ካለው ሳይታችን ነው። ዛሬ የጳጉሜ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ሠራተኛው ትናንት ሒሳቡን ተቀብሎ ተበትኗል። የቀረነው እኔ፣ የጥበቃው አባባ እና ሁለት ውሾች ነን። አባባ ለማታ የሚሆን ችቦ እያሰሩ ነው። በዚህ ሁሉ ጭቃ መሀል ደረቅ እንጨት ከየት እንዳገኙ እንጃ። "ከፎርምወርኩ እንዳይሆን አባባ" አልኳቸው። ኮንክሪት የምንሞላበትን የእንጨት ቅርጽ ማለቴ ነው። ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም። በዓል ነው ብዬ ተውኩት።

ለበዓል መልእክት አደይ አበባ፣ ዶሮና ድፎ ዳቦ ይበቃል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ዘንድሮ ግን ስለ ሙያ ጓደኞቼ ማውራት አማረኝ። ፕሮጀክት ስለምንመራ መሐንዲሶች፣ እንዴት እንደተገናኘንና ምን እንደጠቀመን። ስለ ጳጉሜም ጭምር። ከጳጉሜ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የእኛ ሳይት ግን ቀይም አይደለም፣ ኮረብታም አይደለም። ሜዳ ነው፤ አፈሩም እኛ ኮተን ሶይል የምንለው፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። በዚህ አፈር ላይ ዝም ብሎ ቤት ያቆመ ሰው ግድግዳው ሲከፈልና በሩ አልዘጋ ሲል ነው የሚነቃው። ስለዚህ ቆፍረን እናወጣዋለን። በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል የምንለውን የማያብጥ አፈር አምጥተን፣ በስሱ እየደለደልን፣ ውሃ እያጠጣን እንጠቀጥቃለን። ይህ በበጋ ነው። በክረምት ገልባጩ ከአስፋልት እንደወረደ ይዋጣል። እሱን ለማውጣት የመጣው ሎደርም ይዋጣል። አንድ ሐምሌ ላይ ሁለቱን የሚያወጣ ሦስተኛ ማሽን ስፈልግ ስልክ አልሠራ አለኝ።

ስልክ እዚህ የሚሠራው ከቁፋሮው የወጣው የአፈር ክምር ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ኔትዎርክ የለም። የሚገርመው ኔትዎርክ የሚለውን ቃል በሙያችን ከሞባይል በፊት እናውቀዋለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ የፋብሪካ ግንባታና ጥገና ጊዜውን ለማሳጠር ያሠራው ዘዴ አለ፣ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ በመስመር ታያይዛለህ፤ ያ ሥዕል ነው ኔትዎርክ የሚባለው። ረጅሙ ሰንሰለት ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚያልቅ ይነግርሃል። ከዚያ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀን ከጠፋ ከማስረከቢያው ላይም አንድ ቀን ጠፋ። ከሰንሰለቱ ውጪ ያለው ሥራ ግን ትንሽ መዘግየት ይችላል። ያችን ትርፍ ጊዜ ፍሎት እንላታለን። የሳይት ሰው ፍሎት አለህ ሲባል ደሞዝ የተጨመረለት ያህል ነው ደስ የሚለው።

ወደ ራሴ ልምጣ። ፕሮጀክት ማናጀር የሆንኩት ሰኞ ጠዋት ነው። አርብ ዕለት ሳይት ኢንጂነር ነበርኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለቀቀ፣ የፒካፑን ቁልፍና ማህተሙን ሰጡኝ፣ አለቀ። አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተምሬያለሁ። አንድ ቢም ስንት ኪሎ ፌሮ እንደሚበላ አውቃለሁ። ለኮንሰልታንት (ሥራውን በባለቤቱ ስም ለሚቆጣጠረው መሐንዲስ) በምን ዓይነት ቃል እንደሚጻፍ፣ ያኮረፈ ሰብኮንትራክተር በምን እንደሚመለስ፣ ባለቤቱ "ሥሩት፣ ወረቀቱ ይደርሳል" ሲል ምን ተብሎ እንደሚመለስለት ግን የነገረኝ አልነበረም። የምጠይቀውም ሰው አልነበረም። ከበላይ ያለውን ብጠይቅ አያውቅም ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ከበታች ያለውን ብጠይቅ ይንቀኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

ከዚያ ያ ነሐሴ መጣ። ነሐሴ 12 ቀን ኤክስካቫተራችን በፕላኑ ላይ የሌለ ትልቅ የውሃ ቧንቧ መታ። ሰፈሩ ውሃ አጣ፣ እኛ ኩሬ አገኘን። ሥራ ቆመ። ቧንቧው እስኪዛወር 24 ቀን ፈጀ። ጥፋቱ የእኛ ስላልሆነ 24 ቀን ይጨመርልን ብለን መጠየቅ እንችል ነበር። ውላችን የፊዲክ ነው። ፊዲክ በ1913 የቤልጂየም፣ የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ አማካሪ መሐንዲሶች ማህበራት የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የእሱን ውል ታገኛላችሁ። በ1999ኙ እትም አንቀጽ 20.1 ላይ አንድ ነገር በግልጽ ተጽፏል። ኮንትራክተሩ ጉዳዩን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ የመጠየቅ መብቱ ያልፋል።

አንቀጹን አላነበብኩም እንዳትሉኝ። አንብቤዋለሁ። ግን ስንት ቀን እንደቆምን አጣርቼ አንድ ጊዜ ልጻፍ ብዬ ጠበቅኩ። (ይህ ራሱ ስህተት ነው። ማሳወቂያው ቁጥሩን አይፈልግም፤ "ችግር ገጥሞናል፣ እንጠይቃለን" ማለት ብቻ ይበቃል። ዝርዝሩ በኋላ ይመጣል።) ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 18። የሚቀረው 10። እንግዲያው መስከረም 10። ደብዳቤውን መስከረም 8 አስገባሁ። ሁለት ቀን ቀድሜ! ኩራት ኩራት አለኝ።

ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። አጭር ነው። ማሳወቂያው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ስለደረሰን ጥያቄውን አንቀበለውም ይላል። ኮንሰልታንቱ መቁጠር አይችልም እንዴ ብዬ ካላንደሩን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ለካ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም አይደለም። ጳጉሜ አለች። አምስት ቀን። ቀነ ገደቡ መስከረም 5 ነበር።

የ13 ወር ጸጋ አገር ሰው ሆኜ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ረሳኋት።

ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ 28 የምትባለዋን ቁጥር ከማንም በላይ የማውቃት መሆኔ ነው። ኮንክሪት ስንሞላ ኪዩብ ናሙና እንወስዳለን፤ ጥንካሬው የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን ነው። ነሐሴ 12 ስለሞላነው ኮንክሪት ብትጠይቁኝ ላብራቶሪው መስከረም 5 ላይ እንደሚሰብረው ሳላስብ እነግራችሁ ነበር። ለሲሚንቶ የቆጠርኳትን ጳጉሜ ለደብዳቤ ሳልቆጥራት ቀረሁ። 24ቱ ቀን በላያችን ላይ ቀረ። የመዘግየት ቅጣቱም ተከተለ። አለቃዬ አልተቆጣም። ዝም ነው ያለው፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ነገር ለስምንት ወር ያህል ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ደረስን። በወር አንድ ቅዳሜ የምንገናኝ መሐንዲሶች አለን። ሁላችንም ከአዲስ አበባ ዳር ነን፦ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከለገጣፎ። መንገድ የሚሠራ አለ፣ ኮንዶሚኒየም የሚጨርስ አለ፣ የፋብሪካ ሼድ የሚያቆም አለ። ሰብሳቢ የለንም፣ መተዳደሪያ ደንብ የለንም። ጀበና ቡና አለን። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ እሱንም ያወጡት ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። ስለሠራኸው ከማውራትህ በፊት ስላበላሸኸው ተናገር። እኛ ለቀልድ ኑዛዜ እንለዋለን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ቀን አንዱ የቧንቧ ማለፊያ ሳያስቀምጥ ስላብ (የወለል ኮንክሪት) ሞልቶ ለሳምንት በመሮ ሲያስፈለፍል እንደከረመ ተናዘዘ። ሌላዋ በቃል የታዘዘችውን ተጨማሪ ሥራ ሠርታ ወረቀቱ እስከ ዛሬ እንዳልደረሳት ተናገረች። ተራዬ ሲደርስ ጳጉሜን አወጣኋት። ሳቁ ያፈርሰኛል ብዬ ነበር። ሳቁም፣ ግን ሦስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። እነሱም ያችኑ 28 ቀን አሳልፈዋታል። አንዱ በፋሲካ፣ አንዱ በሠርጉ፣ አንዱ ደብዳቤውን ጽፎ ፒካፕ ውስጥ ረስቶት። ጋሼ ቡናቸውን አስቀምጠው፣ "አንተ ልጅ፣ ማታ ሳትተኛ ጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል። ያላለቀ ደብዳቤ ከዘገየ ደብዳቤ ይሻላል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ማሳወቂያ አላለፈኝም። ስምንት ወር የደበቅኩት ነገር በአንድ ስኒ ቡና አለቀ።

ትልልቆቹ የዓለም ማህበራትም ቢሆኑ ሲጀመሩ ከዚህ ብዙ አይርቁም ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ፒኤምአይ የሚባለው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም የተመሠረተው በ1969 አትላንታ ውስጥ ነው፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች። ፒኤምፒ የሚባለውን የምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1984 ነው። ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ከዚያ ፈተና። ከእኛ መሀልም የወሰዱት አሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ክፍያው በዶላር መሆኑ ግን ብዙውን ሰው በር ላይ ይመልሰዋል። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ፎርማኑን በስሙ የማይጠራ ሰውም አይቻለሁ።

የመገናኘታችንን ጥቅም በጥሬው ላሳያችሁ። የሥራ ፕሮግራም የምናወጣባቸው ሶፍትዌሮች ጳጉሜን አያውቋትም። አንዳንዶቹ ገናን ፈረንጅ በሚያከብርበት ቀን እረፍት ያደርጉና በእኛው ገና ዕለት "ዛሬ 40 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሙሉ" ይላሉ። አንዲት እህታችን ሦስት ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብላ የአገራችንን በዓላት በሙሉ ያስገባችበት ካላንደር ሠራች። አረፋና ኢድ በጨረቃ ስለሚዞሩ በየዓመቱ እንዲስተካከሉ አድርጋ፣ ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ ስድስት መሆኗን ጨምራ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ላይ እንደሚውልም አልረሳችም። (28 አሁንም አልለቀቀችኝም!) ለሁላችንም በነፃ ሰጠችን። ለአንድ ድርጅት ብትሸጠው ገንዘብ ነበር።

ጉድለትም አለብን። ለረጅም ጊዜ የምንገናኘው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ቀሩ። እኛም "ፍላጎት የላቸውም" ብለን ደመደምን። ኋላ ጠይቀን ስንረዳ ጉዳዩ ፍላጎት አልነበረም፤ ከማታ በኋላ ከዚህ ዳር ወደ ቤት የሚወስድ ታክሲ የለም። አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የምንገናኘው። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብን፤ የሰዓት ፕሮግራም ማውጣት ሙያችን ነው ደግሞ።

እንግዲህ መልካም ምኞቴን ላድርስ። ዛሬ በየሳይቱ ላደራችሁ፣ ፓምፑ ጠፍቶ ፋውንዴሽኑ ውሃ እንዳይሞላባችሁ ብላችሁ በዓል ለተዋችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ክፍያ ዘግይቶባችሁ ለሠራተኛው የበዓል ስትሉ ከኪሳችሁ ላወጣችሁ፣ ዘንድሮ የክፍያ ሰርተፊኬታችሁ በጊዜ ይፈረምላችሁ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ወደ አገራቸው ለገቡት ግንበኞች፣ ባርቤንደሮችና የቀን ሠራተኞች፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ደስ የሚል በዓል ይሁንላችሁ፤ አናጺዎቻችን ግን እባካችሁ እስከ መስቀል እዚያው እንዳትቀሩ። ትናንት ማናጀር ለተባላችሁ፣ ቁልፍና ማህተም ብቻ ለተሰጣችሁ ደግሞ፣ ቅዳሜ ኑ። የቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

አባባ ችቦውን ጨርሰዋል። ከወዲያኛው ሰፈር ልጃገረዶች አበባየሆሽን ለነገ ሲለማመዱ ይሰማል። እኔ ይህን ለመላክ አፈሩ ክምር ላይ መውጣት አለብኝ። ቅድም ስወጣ ጫፉ ላይ አደይ ሞልቶ አየሁት። በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ማን እንደዘራው እንጃ። ክምሩ መስከረም 15 ተጭኖ እንዲነሳ ፕሮግራም ይዘንለታል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ችቦውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ "ምናለ መስቀልን ቢውል ልጄ" አሉኝ።

ገብቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። አምስት ቀን ፍሎት አለው።